«የት ደረሰህ?» ከመባላችሁ በፊት

ልጆቼ፣

የትምህርት ቤታችን የምክር ክፍል ከቤተ ሙከራው ጀርባ ነበር፤ ግማሹ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ፣ ግማሹ የእኔ ቢሮ። በሩ ላይ «ጋይዳንስና ካውንስሊንግ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ተማሪዎቹ ግን «ችሎት» ይሉት ነበር። እውነታቸውን ነው። ወደ እኔ የሚላከው የተደባደበ፣ ያረፈደ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰ፣ ክፍል ውስጥ ስልክ የተያዘበት ነው። በ28 ዓመት ውስጥ ማንም ሳይልካቸው መጥተው «ቲቸር፣ ወደፊት ምን ብማር ይሻለኛል?» ያሉኝን ልጆች ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጭ ብዬ ብቆጥራቸው ከአንድ ክፍል ተማሪ አልበለጡም። ክፍሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ስለሆነ 60 በሉት።

ምክር ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ወሰነ። ሰባ ሠላሳ እንለው ነበር። ውሳኔው የአገር ዕቅድ ነው፤ እኛ ግን በየትምህርት ቤታችን ሌላ ነገር አደረግነው። ጎበዝ የተባለ ሁሉ ናቹራል ይገባል፣ ሶሻል የደካማ ነው የሚል ወሬ በአስተማሪው አፍ ጭምር ተዛመተ። ያኔ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሚኒሚዲያ ላይ ዜና ታነባለች፤ ጤፍ ለምን ተወደደ እያለች የጂኦግራፊ መምህሯን ታፋጥጣለች። የ10ኛ ክፍል ውጤቷ ግሩም ነበር። የመረጠችውን ሳይ ግን «ሶሻል» ይላል። ቢሮ ጠራኋትና «በዚህ ውጤት?» አልኳት። ያልኳት ይህንኑ ብቻ ነው። እዚያው ቆማ ሰረዘችው።

ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ኢንጂነሪንግ ደረሳት፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ በውጤት ተባረረች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባንክ ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ነው። ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ቀን እየሠራች በማታ አካውንቲንግ ተምራ ተመርቃለች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ እጇ ብሩን መቁጠሩን ሳያቆም «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ክፉ አልመከሩኝም። አልጠየቁኝም እንጂ» አለችኝ።

ብሩን ሳልቆጥር ወጣሁ።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። ድሮ ይህን ተረት ለተማሪ ስነግር ጠያቂው ተማሪው፣ ተጠያቂው እኔ ነበርኩ። አሁን መካሪውም ቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ገብቶኛል። ስለዚህ አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጎረቤት ያለው ኢንጂነር ሳይጠይቃችሁ መምከር ከጀመረ አትቆጡ፤ በአክብሮት «መጀመሪያ እኔ የማስበውን ልንገርዎት» በሉ። ከሕክምና ሌላ ሙያ በማይጠራበት ቤት ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በአንድ ጊዜ ካልተሳካ በሁለተኛው ሞክሩ። እናት ብዙ ጊዜ ቀድማ ትሰማለች።

ወደ ፈተናው ልምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ወላጅ ልጁን ማታ ማታ ያስጠናል፣ ቱቶሪያል ያስገባል፣ ይሳላል። «ባይሆንስ?» ብሎ ከልጁ ጋር የሚነጋገረው ግን ጥቂት ነው፤ ሟርት ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ባይሆንስ የሚለውን አስቀድሞ የተነጋገረ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ተረጋግቶ ይሠራል። ያልተነጋገረው ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት ስልኩን አጥፍቶ ይጠፋል። አንድ ዓመት እንዲህ የጠፋ ልጅ ፍለጋ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ዞሬያለሁ፤ አክስቱ ቤት ተኝቶ ተገኘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ለሪሚዲያል፣ ማለትም ለአቅም ማሻሻያ ትምህርቱ፣ የሚበቃ ነጥብ ያመጣ ሌላ ዕድል አለው። ቴክኒክና ሙያ የገባ፣ ደረጃውን እየወጣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የሚባለውን ፈተና፣ ካለፈ በኋላ ሥራ የያዘ ተማሪዬ ዛሬ የራሱን ብረታ ብረት ቤት ከፍቷል፤ የቤቴን በር የሠራልኝ እሱ ነው። ዋጋ አልቀነሰልኝም። የግል ኮሌጅ የምታስቡ ግን ማስታወቂያው ላይ «ፈቃድ ያለው» የሚል ስላያችሁ አትክፈሉ። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየትምህርት ዘርፉ፣ ለየካምፓሱ፣ ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። እዚያኛው ቅርንጫፍ የተፈቀደው ነርሲንግ እዚህኛው ላይሠራ ይችላል። ፈቃድ ሰጪው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ ሄዶ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሳይጠይቁ መመዝገብ የወሰደባቸውን ዓመታት ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለገባችሁት ደግሞ ሌላ ወሬ አለኝ። «አንዴ ከገባሁ ማን ይነካኛል» የሚለው ዘመን አልፏል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ አንድ ላይ ትማራላችሁ፤ የምትፈልጉትን ዲፓርትመንት ማግኘታችሁ በዚያ ዓመት ውጤት ላይ ይንጠለጠላል። ከቤት ርቆ፣ ዶርም ለምዶ፣ የካፌ ሽሮ ተላምዶ እስኪረጋጋ የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያመልጠው ልጅ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ እዚያም 50 በመቶ ነው መቁረጫው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር። ዛሬውኑ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዳችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁንና የልደት ሰርተፍኬታችሁን አንድ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ በተለይ የእንግሊዝኛውን። የአያት ስም አንዱ ጋ በነጠላ ሌላው ጋ በድርብ ፊደል ተጽፎ፣ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ፓስፖርት ለማውጣት ሲል የተቸገረ ልጅ ደብዳቤ ሲያጽፍ ስንቴ ቢሮዬ ተቀምጧል! 12ኛ ክፍል ላይ ስም ጠሪያችሁ ዝርዝሩን ሲያነብ «አቤት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ወረቀቱን እዩት።

ባለፈው ዓመት ያቺ የባንኳ ልጅ ደወለችልኝ። ታናሽ ወንድሟ 10ኛ ክፍል ነው፣ መምረጫው ደርሷል። «ይምከሩልኝ፤ ግን ቲቸር፣ ቀድመው ይጠይቁት» አለች። ሳቅን።

መጣ። ምን ትወዳለህ አልኩት፤ አላውቅም አለ። አልተከፋሁም፤ 16 ዓመት ሆኖት «አላውቅም» የሚል ልጅ «ዶክተር» ብሎ ከሚሸመድድ ልጅ ይልቅ ያስደስተኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ሥራ ቦታው ድረስ ሄደህ እይ፣ አንድ አንድ ሰዓት ተቀመጥ፣ አትጠይቅ፣ ተመልከት ብዬ ላክሁት። ጋራዥ ሄደ፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ እናቱ መድኃኒት የምትገዛበት ፋርማሲ ሄደ።

ሲመለስ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። «ቲቸር፣ ፋርማሲ ያለው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። ሲማር ይህን ነግረውት ነበር?»

እኔም አላውቅም ነበር። ተያይዘን ሄደን ጠየቅነው።