ጥያቄና መልስ፦ የቤት ማይክሮዌቭ ለናኖፓርቲክል ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ደሴ ነው ያለሁት፣ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖፓርቲክል (እጅግ ደቃቅ ዱቄት) ሰርቼ የጨርቅ ማቅለሚያ ያለበት ውሃ ላይ፣ በብርሃን ቀለሙን ያጠፋው እንደሆነ ልሞክረው ነበር፣ ግን በኦቶክሌቭ (ግፊት በሚችል ዝግ የብረት ዕቃ) 24 ሰዓት ማሞቅ ይላሉ፣ መብራቱ ደግሞ መሀል ላይ ይሄድብኛል። በማይክሮዌቭ በደቂቃ ያልቃል ሲባል አነበብኩ፣ የቤቱን ብጠቀም ምን አለበት?

መልስ፦ አለበት እንጂ እህቴ! በደቂቃ ያልቃል የተባለው እውነት ነው፣ ግን እነሱ የሚያወሩት ሙቀትና ግፊት እየለካ ራሱን ስለሚቆጣጠረው የላብ ሪአክተር ነው። ሞገዱማ ያው 2.45 ጊጋኸርዝ ነው፣ ጣጣው ክዳኑ ላይ ነው። አናቴዝ፣ ማለትም የምትፈልጊው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የክሪስታል ዓይነት፣ በደንብ ክሪስታል ሰርቶ እንዲወጣ ሶሉሽኑ ተዘግቶ 150፣ 200 ዲግሪ እንዲገባ ይፈለጋል፣ ክፍት ቢከር ላይ ግን ደሴ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከዛ አያልፍልሽም። ልዝጋው ካልሽ ግፊቱን የሚነግርሽ የለም፣ ይፈነዳል። የብረት ኦቶክሌቩን ልክተተው ካልሽ ደግሞ ሞገዱ ብረት አያልፍም፣ ትርፉ ብልጭታ ነው፣ የኤታኖል እንፋሎት ካለ በዛው ይያያዛል። ደግሞ ምግብ የሚሞቅበት ውስጥ ኬሚካል? በጭራሽ። እና አብዛኞቹ የቤት ማይክሮዌቮች መካከለኛ ላይ ስታደርጊያቸው ጉልበታቸው አይቀንስም፣ እምም ይሉና ዝም ይላሉ፣ ስለዚህ ዛሬ ያገኘሽውን ነገ አትደግሚውም።

እኔ ብሆን በሶል-ጄል ነው የምሰራው፣ ፈሳሹን ጄል አድርጎ ማድረቅና ማቃጠል ማለት ነው። መነሻ ኬሚካሉን ታይታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድን በደረቅ (ውሃ በሌለበት) ኤታኖል፣ ትንሽ አሲድ፣ ከዛ ውሃውን ጠብ ጠብ እያረግሽ እያማሰልሽ፣ በአንዴ ካፈሰስሽው ወዲያው ነጭ ጓል ይሆንብሻል። አድርቀሽ ፈርነስ (የላብ ምድጃ) ውስጥ 450 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት በቂ ነው፣ መብራት ቢሄድ እንኳ እንደ ኦቶክሌቩ ቀኑን ሙሉ አያንገበግብም። 600ን አታሳልፊው፣ ወደ ሌላው የክሪስታል ዓይነት፣ ወደ ሩታይል መዞር ይጀምራል። ኤክስአርዲ (የክሪስታሉን ዓይነት በኤክስሬይ የሚለየው መሣሪያ) ላይ በተለመደው የመዳብ ጨረር 25.3 ዲግሪ ማዕዘን ላይ ሹል ጫፍ ካየሽ አናቴዝ ነው፣ 27.4 ላይ ከመጣ ሩታይል ገብቶበታል።

ማቅለሚያው ላይ ስትሞክሪ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይማሰል፣ ቀለሙ ዱቄቱ ላይ ስለሚለጠፍ ሳይበሰብስ የጠፋ ይመስልሻል። ዱቄት የሌለበት ቢከርም አብሮ ፀሐይ ላይ ይውጣ፣ ሜቲሊን ብሉን የመሰለ ማቅለሚያ በብርሃን ብቻውን ይደበዝዛል። አናቴዝ የሚሰራው ከ387 ናኖሜትር በታች ባለው አልትራቫዮሌት ነው፣ ከፀሐይ ብርሃን ደግሞ እሱ ትንሹ ድርሻ ነው፣ ስለዚህ የጦሳ ተራራ ጭጋግ በለበሰበት ጠዋት ጀምረሽ አልሰራም ብለሽ ዱቄቱን እንዳትጥዪ፣ 5 ሰዓት አካባቢ ጀምሪው።