ጥያቄና መልስ፦ ጋውን የለበሱ ልጆች ጭንቀት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ከሕክምና ተማሪዎችና ከወላጆቻቸው የመጡ ናቸው። ኮሮና ከገባ ወዲህ እንዲህ በዝተውልኝ አያውቁም።

«ቡና እንቅልፍ ይነሳል እንዴ?» ከኮምቦልቻ

አዎ፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ አቦሉን ቅመስና ቶናና በረካውን ለሌላው ተው።

«ሐኪም ልሆን እየተማርኩ 'ጨነቀኝ' ብል ምን እባላለሁ?» ከደሴ

የጻፈችው ሲ-ዋን፣ ማለትም ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ እያዩ መማር የሚጀመርበት ዓመት፣ ተማሪ ናት። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ሲዘጋ ቤቷ ገባች፤ አሁን ተመልሳ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ጀምራለች። የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። ማታ ጋውኗን በፌስታል ቋጥራ ውጭ ትተዋለች። ቡና ሲፈላ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ አያቷ ሲኒውን በትሪ አድርገው ይገፉላታል። እጇ በአልኮልና በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ወደ ቦሩ ሜዳ የሚሄድ አምቡላንስ በሰማች ቁጥር ልቧ ይመታል፤ ሌሊቱን ሳትተኛ ይነጋል።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በሽታው በአረጋውያን ላይ ይከፋል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕክምና ማዕከል ተደርጎ ነበር። ጥንቃቄሽን አልነቅፍም። ግን አንድ በሽተኛ መጥቶ «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ቢልሽ «ደካማ ነህ» ትይዋለሽ? «ከመቼ ጀምሮ?» ብለሽ ነው የምትጠይቂው። እኔም አንቺን የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ የዶርም ጓደኛችን ቀስ በቀስ ክፍል መግባት ተወ። «ሰነፈ» አልን። ፍራሹን ጠቅልሎ ሲሄድ አይተነዋል። አራት ሆነን አንድ ክፍል እየኖርን «ምን ሆነህ ነው?» ያለው ሰው አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል። ሕመም እያጠናን አጠገባችን ያለውን አላየንም። «ሐኪም አይታመምም» የምንለው ነገር ስንቱን ልጅ ዝም አሰኝቶታል!

አያትሽን ፈጽመሽ አትራቂያቸው። በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት፣ ማስክ አድርገሽ፣ ራቅ ብላችሁ ተጫወቱ። ለምታምኚው መምህር ያለውን ሁሉ ንገሪው። ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክሊኒክ ሄደሽም ካርድ አውጪ፤ እንደማንኛውም ታካሚ።

መጨረሻ ላይ «አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህ ለነገ አይባልም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ብቻሽን አትደሪ። ያ ሰው ይዞሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እባክሽ።

«ልጄን ጠበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ዘንድ?» ከወልድያ

አባት ናቸው። የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ልጃቸው ከወር በላይ ከክፍሉ አልወጣም፤ ምግብም ጠልቷል፤ የሚወደውን ኳስ እንኳ አያይም።

አባቴ፣ ስንፍና አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። ጠበሉንም አይተዉት፤ ዱዓ የሚያስደርጉ ወላጆችንም የምላቸው ይህንኑ ነው። መድኃኒት ከታዘዘለት ግን ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። «አልሠራለትም» ብለው አያስቋርጡት፤ ጠበል ቦታም ይዞት ይሂድ።

«ለፈተና ጫት ይዤ ካላነጋሁ አይገባኝም»

ወንድሜ፣ ይህን ስንቴ ልመልስ? ያነበብከው ጭንቅላትህ ውስጥ የሚቀመጠው ስትተኛ ነው። መተው ካቃተህ ሐኪም አማክር።