ሪሲቨር ልጅ ላላት እህቴ፦ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ

እህቴ፣ ልጅሽ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል እንደሚጫወትና ሪሲቨር፣ ማለትም የሚወረወርለትን ኳስ የሚይዝ ተጫዋች፣ እንደሆነ ጽፈሻል። ዲግሪውን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው «ትቼ ለድራፍት ልዘጋጅ፣ ቢዝነሱን በኋላ እደርስበታለሁ» ይለኛል፣ ምን ልበለው ነው ጥያቄሽ። (ድራፍት ማለት ትልልቆቹ ክለቦች ከኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ነው።) እኔም ሪሲቨር ነበርኩ። አላባማ ውስጥ፣ ትንሽ ኮሌጅ። የጉልበቴ ጅማት እስኪበጠስ ድረስ።

1ኛ፣ ዲግሪውን ይጨርስ። በዚህ አልከራከርም።

2ኛ፣ ስለ ድሮው ሪሲቨር ስለ ጆን ስታልዎርዝ ይወቅ። አላባማ ያለችው ሀንትስቪል ስኖር ስሙን የማያነሳልኝ ሰው አልነበረም። በ1974 ድራፍት ፒትስበርግ ስቲለርስ የሚባለው ክለብ የወሰደው በ4ኛው ዙር፣ 82ኛ ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት በ1ኛው ዙር የወሰዱት ሊን ስዋንም ሪሲቨር ነበር፣ ገና ሳይጀምር ከፊቱ ሰው አለ ማለት ነው። ስታልዎርዝ ግን 14 ሲዝን ቆየ፣ 537 ኳስ ያዘ፣ 4 ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) በላ። በ14ኛው ሱፐር ቦውል ራምስ የሚባለው ክለብ ላይ ያስቆጠራትን የ73 ያርድ ተችዳውን (ጎል በይው) ልጅሽ ሳያያት አይቀርም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። መጫወት ያቆመው በ1987 ሲሆን ማዲሰን ሪሰርች የሚባለውን ድርጅቱን የከፈተው በ1986 ነው። ማሊያውን ሳያወልቅ! ያውም ምግብ ቤት ከፍቶ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አልሰቀለም። ሀንትስቪል የናሳ ማዕከልና የጦሩ የሚሳኤል ሥራ ያለባት ከተማ ናት፣ እሱም ለመንግሥት የምህንድስናና የኮምፒውተር አገልግሎት ሸጠ። ከአላባማ ኤ ኤንድ ኤም የቢዝነስ ዲግሪና ኤምቢኤ ይዟል። ድርጅቱ በ2006 በ69 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2009 ደግሞ ከተጫወተበት ክለብ ላይ ድርሻ ገዛ።

3ኛ፣ ወረቀት። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። የጽዳት ድርጅት ከፍቼ የፌዴራል ሕንፃዎችን ጨረታ ፈለግኩ። ለዚያ ሳም የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ ግድ ነው፣ ምዝገባውም በነፃ ነው። እኔ አላወቅኩም። አንዱ ደውሎ «ቶሎ ካላስመዘገብክ ጨረታው ያልፍሃል» አለኝ፣ 600 ዶላር ከፈልኩት። ድርጅቱን በአባቴ ስም ነበር የሰየምኩት። የስቴቱ ወረቀት ላይ ስሙ አንድ ላይ ተያይዞ ነው የተጻፈው፣ ሰውየው ለሁለት ከፍሎ አስገባው። የእኛ ስም መቼም ፈረንጅ እጅ ሲገባ የሚሆነውን ታውቂያለሽ። ስሙ አልገጠመም ተብሎ ተመለሰ። አስተካክሎ ላከ፣ አሁንም ተመለሰ። ስቴቱ ቢሮ ሄጄ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠችውን ሴትዮ ብጠይቃት ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ፎርሙን አንብብ» አለችኝ። ባንክ ብድር ልጠይቅ ስሄድም ሰውየው «ለየትኛው ቡድን ነው የተጫወትከው?» ብሎኝ የኮሌጄን ስም ስነግረው ሳቀ። ያንን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ምዝገባው ሳይጸድቅ የጨረታው ቀን ደረሰ። ዋጋዬ ጥሩ ነበር፣ ሥራ እሰጣችኋለሁ ያልኳቸው ሦስት ሰዎች ይጠብቁኝ ነበር። ምዝገባህ ካልጸደቀ ጨረታውን እንደማያዩልህ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሰውየው ስልኩን ዘጋ፣ 600ውም አብሮ ሄደ። በኋላ እኔው ራሴ ቁጭ ብዬ ስሙን ፊደል በፊደል ከስቴቱ ወረቀት ጋር አመሳስዬ አስገባሁት፣ አለፈ። በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ እኔ ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ነው የምጀምረው። አሁን 22 ሠራተኛ አለኝ። ያ የባንክ ሰውዬ ባየኝ።

4ኛ ብዬ የጀመርኩት ነገር ጠፋብኝ። አዎ፣ ብሩ! ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ይከፈላቸዋል። ልጅሽም የሚቀበል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ሳይቆረጥ ነው የሚደርሰው፣ ግብሩን የሚከፍለው ራሱ ልጅሽ ነው። መኪና ሳያምረው በፊት ከየክፍያው ላይ ለግብሩ ቀንሰሽ ለብቻው አስቀምጪለት።