«ኩላሊቴን ያመኛል» ስትል እጅህ የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፣ ሹፌር ነኝ። ኩላሊቴን ሲያመኝ ሶስት ወር ሆነኝ፣ በተለይ ብዙ ሰዓት ነድቼ ስወርድ ቀጥ ብዬ መቆም ያቅተኛል፣ ስተኛ ይሻለኛል። ጠዋት ጠዋት ሽንቴ በጣም ቢጫ ነው። ዳይክሎፌናክ ስውጥ ይተወኛል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ኩላሊቴ እንዲታጠብ በቀን 5 ሊትር ውሃ እየጠጣሁ ነው ግን ለውጥ የለም። አጎቴ ሁለት ዓመት እጥበት ላይ ቆይቶ ነው ያረፈው። ኩላሊቴ ምን ያህል እንደተጎዳ በምን ላውቅ እችላለሁ? እባክዎ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። እንቅልፍ የነሳህ የሱ ነገር ይመስለኛል፣ ሁለት ዓመት እጥበት ሲመላለስ ያየ ሰው ወገቡን ቆንጠጥ ባደረገው ቁጥር ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን ልበልህ፣ የጻፍክልኝ ህመም የኩላሊት አይመስልም፣ የወገብ ነው።

«ኩላሊቴን» እያለ የሚመጣን ሰው ሁሉ የቱ ጋ እንደሆነ በእጅህ አሳየኝ እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው እጁን ቀበቶው ላይ ነው የሚያሳርፈው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ከቀበቶው በታች። እዛ ኩላሊት የለም። እዛ ያለው የወገብ አከርካሪ ነው፣ አምስት አጥንት፣ በመሃል በመሃላቸው ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል ነገር፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ጀርባህን ቀጥ አድርገው የሚይዙ ወፋፍራም ጡንቻዎች። ኩላሊት ከዛ ከፍ ይላል። አሁን ቁጭ ባልክበት እጅህን ወደኋላ አዙርና የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በአውራ ጣትህ ፈልጋት፣ እሷን ተከትለህ አከርካሪው ጋ ስትጠጋ ጥግ የመሰለ ቦታ ታገኛለህ፣ ኩላሊት ያለው እዛ ጋ ውስጥ ነው፣ ከሆድ ዕቃ ኋላ፣ ከፊሉ በጎድን አጥንት ተከልሎ፣ በስብ ተጠቅልሎ። ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የተጨበጠ እጅህን ያክላል። የቀኙ ላዩ ላይ ጉበት ስላለ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ይሄ ጤነኛ ነገር ነው።

ኩላሊት ራሱ ሲያም ጠባዩ ሌላ ነው። ጠጠር ከሆነ ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ መጣ ሄደ እያለ፣ ሰውየው ቢተኛም ቢነሳም ቢንበረከክም አይመቸውም፣ ያስመልሰዋል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ይመጣል። ያንተ ስትነዳ ይብሳል ስትተኛ ይሻለዋል። ኩላሊት መቀመጥህንም መተኛትህንም አያውቅም፣ ጡንቻና ዲስክ ግን ያውቃሉ።

የሽንትህን ቀለም ተወው። ሌሊት ስለማትጠጣ ኩላሊት ውሃ ይቆጥባል፣ ስለዚህ የጠዋት ሽንት ይደምቃል፣ እንደውም ይሄ ኩላሊትህ ስራውን እየሰራ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

አሁን ደጋግሜ ብናገረውም የማይሰለቸኝ ነገር። የሚደክም ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም! ህመም የሚሰማው ኩላሊቱን ከውጪ የሸፈነው ስስ ሽፋንና የሽንት መውረጃው ቱቦ ነው፣ እነሱም ሲወጠሩ። ውስጥ ያሉት ማጣሪያዎች፣ በአንዱ ኩላሊት ብቻ አንድ ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ አንድ በአንድ ሲጠፉ ምንም አይሰማህም። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፣ ከዛ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ሌላው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ግማሹ ማጣሪያ ቢጠፋ የቀረው ስራውን ይሸፍናል፣ ለዛ ነው አንድ ኩላሊቱን ለወንድሙ የሰጠ ሰው በአንዱ በደህና የሚኖረው፣ ለዛም ነው በሽታው ዓመታት ተደብቆ የሚሄደው። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፣ እግራቸው አብጦ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ፣ ክሪአቲኒናቸው፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ማለት ነው፣ ሰማይ ነክቷል፣ «ልጄ እኔ እኮ ወገቤን አሞኝ አያውቅም፣ ኩላሊት ከየት መጣ?» አሉኝ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፣ ስላላመማቸው መድኃኒቱን ትተውታል። ወገቡን ያመመው ሰው ስለኩላሊቱ ሲጨነቅ ያድራል፣ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ምንም አላመመኝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፣ በጣም ያንገበግበኛል።

አሁን ደግሞ ልቆጣህ ነው። ሶስት ወር ሙሉ ዳይክሎፌናክ? ማን አዘዘልህ? ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባው ቀጭን የደም ስር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ሰውነት የሚጠቀምበትን ንጥረ ነገር ይሄ መድኃኒት ይቀንሰዋል፣ ስሩ ይጠብና ለማጣሪያው የሚደርሰው ደም ያንሳል። ለሁለት ሶስት ቀን ጤነኛ ሰው ቢወስደው ብዙም ችግር ላይኖረው ይችላል፣ ለወራት ሲሆን ግን፣ በተለይ ግፊት ካለብህና ሳታውቀው ከቀረህ፣ ኩላሊትህን ለማዳን ብለህ ኩላሊትህን እየጎዳህ ነው ማለት ነው። ጨጓራን አድምቶ ያመጣቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። አይቡፕሮፌንም ያው ነው፣ ስሙን ቀይረህ እንዳትጀምር። እና 5 ሊትሩ ውሃ ምንም አያጥብም፣ ኩላሊት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም፣ ሲጠማህ ጠጣ ይበቃል።

የማይጠብቅ ነገር ግን አለ። መቀመጫህና ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለህ ወይ ሳታውቀው ካመለጠህ፣ እግርህ ከከዳህ፣ ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በዛው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ነገ አይባልም።

እሱ ከሌለ ተረጋጋ፣ ግን በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ። ግፊትህ ይለካ፣ ስኳር፣ ክሪአቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ይታዩልህ፣ ምን ያህል ተጎዳ ላልከው መልሱን የሚሰጡህ እነዚህ ናቸው፣ የወገብህን ቁርጥማት እየቆጠርክ አታገኘውም። ወገብህን ደግሞ እዛው ይመርምሩልህ፣ እስከዛ በየመሃሉ መኪናውን አቁመህ ወርደህ ትንሽ ተራመድ፣ ተኝተህ አትዋል። ከመሄድህ በፊት የአጎትህ ኩላሊት በምን እንደደከመ ቤተሰብ ጠይቅ፣ ስኳርም ግፊትም ሌላም ይሁን ለሐኪሙ ንገረው፣ ዳይክሎፌናክ ስንት ቀን እንደወሰድክም ሳትደብቅ። የቀረችውን ፍሬ ግን ዛሬ ማታ አትዋጣት።