ላፕቶፔን ፎርማት አድርጌ ወደ ሊኑክስ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባለፈው ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ቋሚ ሥራ ገና አላገኘሁም። ለጊዜው የአጎቴን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ እሠራለሁ፤ ትንሽ ይከፍለኛል። ላፕቶፔ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ሲሆን ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ቆመ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አልጫን አለኝ። የሲስተም አድሚን ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር «ሊኑክስ የሚችል» ይላል። ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ ልጫንበት? ለሥራ ፍለጋዬስ ይጠቅመኛል? ከባሕር ዳር።

መልስ፦ እህቴ፣ «አጥፍቼ» የሚለውን ቃል ሳይ ነው ቶሎ ልጻፍልሽ ያልኩት። እባክሽ አታጥፊው። ያ ፒችትሪ ዛሬ እንጀራሽ ነው፤ ይህ የሒሳብ ፕሮግራም ደግሞ ሊኑክስ ላይ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን በሚያስኬደው ሥርዓት ላይ፣ የሚጫን ሥሪት የለውም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስከፍት ዘዴ አለ። ግን የአጎትሽን የዓመት ሒሳብ ለዚያ አደራ አትስጪ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን መልሴ አዎ ነው። ሊኑክስን ከዊንዶውሱ ጎን ጫኚ። ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን እንደምትከፍቺ ይጠይቅሻል። ሒሳብ ስትሠሪ ዊንዶውስ፣ ሌላውን ሁሉ ሊኑክስ ላይ።

ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ 11 እምቢ ማለቱ ስለተበላሸ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ያበቃው ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ኢሜይልሽንና ባንክሽን የምትከፍቺበት ክፍል ሊኑክስ ቢሆን ይሻላል። 8 ጊጋባይት ራም በደንብ ይበቃል። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ እኔ ብሆን ሊኑክስ ሚንትን፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ሥሪት እመርጥ ነበር። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ግራ አያጋባም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ማስታወቂያው ላይ «ሊኑክስ» ሲል ስለ ዴስክቶፕ አያወራም። የሚያወራው ስለ ሰርቨር ነው። ስክሪንም ማውስም የሌለው፣ ከሩቅ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ማሽን። ዴስክቶፑን መቀየርሽ ብቻውን አያስቀጥርሽም። የሚጠቅምሽ በየቀኑ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ ስለምትውዪና እጅሽ ስለሚለምደው ነው።

ለቃለ መጠይቅ ሳዘጋጀው የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ሲቪው ቆንጆ ነው፣ ኮርሱንም ጨርሷል። እንዲህ ብለው ጠየቁት፦ «የሰርቨሩ ዲስክ ሞላ። ትልቁን የሎግ ፋይል (ሰርቨሩ የሚሠራውን የሚመዘግብበትን) አገኘኸውና ሰረዝከው። ቦታው ግን አልተለቀቀም። ለምን?» ዝም አለ። ያነበበው ብዙ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ራሱ ላይ ደርሶበት አያውቅም። መልሱ አጭር ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል ብትሰርዢው ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። ፕሮግራሙ ፋይሉን እስኪዘጋው ወይም እንደገና እስኪነሳ ድረስ እንደተያዘ ይቆያል። ማን እንደያዘው «ኤልኤስኦኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ያሳይሻል።

ይህን ቤትሽ ሞክሪው። ትልቅ ፋይል ፍጠሪ፣ ፋይሉን ይዞ በሚቆይ ፕሮግራም ክፈቺው፣ በሌላ መስኮት ሰርዢው፣ ከዚያ «ዲኤፍ» ብለሽ ቦታውን እዪ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዴ በዓይንሽ ካየሽው ማንም ሲጠይቅሽ አይጠፋሽም።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ሚንትም ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱም ዴቢያን ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ፕሮግራም የሚጫነው በ«ኤፒቲ» ነው። ማስታወቂያው «ሬድ ሃት» ካለ ቤተሰቡ ሌላ ነው፤ እዚያ «ዲኤንኤፍ» ነው። ለዚህ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ጫኚና ውስጡ አልማሊኑክስ ወይም ሮኪ ሊኑክስ አስገቢ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ከሬድ ሃትም ጋር እንዲጣጣሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ዴስክቶፕ የሌለውን ምረጪ፣ 2 ጊጋባይት ራም ስጪው፣ ከሩቅ በሚያስገባው በኤስኤስኤች ግቢና እዚያው ሥሪ። ተጠቃሚ መፍጠር፣ ፈቃድ መስጠት፣ አንድ አገልግሎት ማስነሳት፣ ሲወድቅ ሎጉን ማንበብ።

ለሰርተፍኬት ለመክፈል አትቸኩዪ። የሬድ ሃቱ አርኤችሲኤስኤ ፈተና ምርጫ የሚከበብበት አይደለም። ማሽን ላይ አስቀምጠው ያሠሩሻል። መጀመሪያ ሦስት አራት ወር ብትለማመጂ ገንዘብሽም አይባክንም።

ስለ አጫጫኑ። መጀመሪያ የፒችትሪውን ባክአፕ ፍላሽ ላይ አድርጊ፤ ፍላሹን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጪ። የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርጂው። ሌላ ፍላሽ ላይ ማስነሻ አድርገሽ ጫኚውና ማሽኑን ከፍላሹ አስነሺ። ሳይጫን ይከፈታል። እዚያው ላይ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪን ብርሃኑን ሞክሪ። ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን አጥፊ፤ አለበለዚያ ዊንዶውሱ በትክክል ስለማይዘጋ ከሊኑክስ ሆነሽ ዲስኩ ላይ መጻፍ ላትችዪ ትችያለሽ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጪ።

ሁለቱን ከጫንሽ በኋላ የዊንዶውሱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ብታዪ አትደንግጪ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። የእኛ ልዩነት 3 ሰዓት ነው። ሊኑክስ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል፤ ሳይስተካከል ግን ፒችትሪ አትክፈቺ።

አማርኛ መጻፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው በኩል ድምፁን በላቲን ፊደል እየጻፍሽ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይር የአማርኛ ኪቦርድ አለ። ያስቸገረኝ እሱ ሳይሆን ፎንቱ ነው። ዎርድ ላይ ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ በዎርድ ምትክ በሚያገለግለው ሊብሬ ኦፊስ ላይ ስትከፍቺው ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካል። መስመሩ ይሸሻል። አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሁለት ይሆንና «ከሠላምታ ጋር» የሚለው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማመልከቻሽን ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ።

ሲቪሽ ላይ «ሊኑክስ እችላለሁ» አትበዪ፤ ሁሉም ይላል። የሠራሽውን ጻፊ፦ «አልማሊኑክስ ላይ የድር ሰርቨር አቁሜ፣ ፋየርዎሉን አስተካክዬ፣ በየሌሊቱ ራሱ ባክአፕ እንዲወስድ አድርጌያለሁ።» የአጎትሽንም ሱቅ አትርሺ። ሒሳብ አዋቂ የሆነ የአይቲ ሰው ብዙ የለም፤ የፋይናንስ ሶፍትዌር የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ይህን ይፈልጉታል።

ከፍላሹ አስነስተሽ ዋይፋዩ እምቢ ካለሽ ስልክሽን በዩኤስቢ አገናኝተሽ ኢንተርኔቱን አጋሪው፤ በዚያ በኩል የጎደለውን ድራይቨር ታወርጃለሽ። ያም ካልሆነ የላፕቶፑን ሞዴል ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።