መኪና ውኃ ውስጥ ቢገባ፦ በሩ ወይስ መስታወቱ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ቪትዝ አለችኝ፤ ሁለት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ነው የምንቀሳቀሰው። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ወንድሜ «መኪናዋ ውኃ ውስጥ ከገባች ሞልታ እስክትጨርስ ጠብቂ፣ ከዚያ በሩ በቀላሉ ይከፈታል» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «የወንበሩን ራስ መደገፊያ ነቅለሽ የፊት መስታወቱን ስበሪ» ባይ ነው። የማንን ልስማ? ዋና አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚያቸው። በተለይ ወንድምሽን።

እርግጥ የወንድምሽ ሐሳብ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ውስጡ ባዶ ሆኖ ከውጭ ግማሽ ሜትር ያህል ውኃ በሩ ላይ ከተደገፈ ጫናው ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ገፍተሽ አትከፍችውም። ውስጡም ሲሞላ ግፊቱ ይመጣጠናል፣ ያኔ በሩ ይከፈታል። ጥያቄው ያን ሰዓት አንቺ በምን ሁኔታ ላይ ትሆኛለሽ ነው። ሞተሩ ከፊት ስለሆነና ስለሚከብድ መኪናዋ በአፍንጫዋ ነው የምትዘቀዘቀው፣ አየሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ይጨልማል፣ ሁለት ልጆች ይጮኻሉ። በዚህ መሃል ትንፋሽ ይዞ በር መፈለግ ለሠለጠነ ሰውም ከባድ ነው። ሌላው ሁሉ ካልሆነ ብቻ የሚሞከር ነገር ነው።

ካናዳ ውስጥ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊዝብሬክት መኪናዎችን ሰው እንዳለባቸው ውኃ ውስጥ እየከተተ ለዓመታት ይህንኑ አጥንቷል። አብዛኛው መኪና ወዲያው አይሰምጥም። ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይንሳፈፋል። ስለዚህ መውጫሽ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ቅደም ተከተሉም አጭር ነው፦ ቀበቶ፣ መስታወት፣ ልጆች፣ መውጣት። ቀበቶሽን ፍቺ፣ የጎን መስታወቱን አውርጂ፣ ትልቁን ልጅ አስቀድመሽ አስወጪ፣ ትንሹን አቅፈሽ አንቺም ውጪ። ትልቁ ለምን ይቀድማል ካልሽ፣ እሱ ውጭ ሆኖ መኪናውን ይዞ መቆየት ይችላል፤ ትንሹን ግን ብቻውን አውጥተሽ ማንም አይይዝልሽም።

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስታወት ውኃ ሲነካው ቀጥ ይላል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ውኃው መስታወቱ ጋ ከደረሰ ይጫነውና አልወርድም ይላል። ስለዚህ መኪናዋ ውኃ እንደነካች ጣትሽ መስታወት ማውረጃው ላይ ይሁን። በሩን አትሞክሪ። ቢከፈትልሽ እንኳ ውኃው ባንዴ ይገባና የመኪናዋን መስመጥ ያፈጥነዋል፣ ከኋላ ያሉት ልጆች ደግሞ ገና አልወጡም።

ስልክም አትንኪ። በ2024 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ የነበረችው አንጀላ ቻው ቴስላ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኩሬ ውስጥ ሲገባባት ለጓደኛዋ ደውላ ነበር። ሰዎች ደረሱላት፤ የመኪናው መስታወት ግን ጠንካራ ነበር፣ በጊዜ ሊያወጧት አልቻሉም። ልደውል ማለት የማንም ሰው ነው፣ እኔም ብሆን መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ስልክ ላይ ይመስለኛል፤ ግን ከወጣሽ በኋላ ይደርሳል።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ መሃሉ ላስቲክ አለው፣ ላሚኔትድ ይሉታል፤ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። የሚሰበረው የጎኑ ነው፣ እሱም ቴምፐርድ የሚባለው፣ ሲሰበር ብትንትን ብሎ የሚረግፈው ዓይነት ከሆነ። መስታወቱ ጥግ ላይ ጽሑፍ አለ፣ ዛሬውኑ ወርደሽ አንብቢው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የጎኑንም ላሚኔትድ አድርገውታል። ኤኤኤ የተባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. 6 ዓይነት መስበሪያ ሲሞክር 4ቱ ቴምፐርዱን ሰበሩ፣ ላሚኔትዱን የሰበረ አንድም አልተገኘም። የራስ መደገፊያ ለዚህ አልተሠራም። መዶሻም ውኃ ውስጥ ኃይል አይኖረውም፤ እጅሽ ይጎተታል። ሞላ ያለው፣ ጫን ሲሉት ራሱ የሚመታው ትንሹ መስበሪያ ይሻላል። ከመስታወቱ መሃል ይልቅ ጥግ ጥጉን ምቺ። ኮፈን ወይም ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ መስበሪያ ደግሞ የለም ማለት ነው፣ ቁልፍሽ ላይ አንጠልጥይው።

ዋና አለመቻልሽ መስኮቱን ከመክፈት እንዳያግድሽ። ክዳኑ ጥብቅ የተደረገ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጄሪካን ደረትሽ ላይ ብታቅፊ አፍንጫሽን ከውኃ በላይ ያቆይልሻል። ከወንበርሽ ሥር አንድ ይኑርሽ፤ ለልጆቹ ግን በልካቸው የተሠራ የዋና ጃኬት ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነኝ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ጎርፍ ውስጥ ብገባ ኮረንቲ አይይዘኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትልቁ ባትሪ የታሸገና ከመኪናው አካል የተነጠለ ነው። ኮረንቲውን ፈርተህ ውስጥ አትቀመጥ። ይልቅ በርህ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ በእጅ የሚሳበው መክፈቻ የት እንዳለ አሁኑኑ ፈልገው፣ የኋላውን በር መክፈቻ አንዳንድ አምራቾች ደብቀውታል።

ጎርፉን ግን አትግባበት። 30 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ውኃ ትንንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል፣ 60 ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። አንተ የደቻቱ ወንዝ በከተማው የሚያልፍበት የድሬዳዋ ሰው ነህ፣ 1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ ከ200 በላይ ሰው በጎርፍ እንዴት እንዳለቀ ታውቃለህ፤ ጎርፉ ከተማው ላይ ሳይዘንብ ከደጋው ነው የሚመጣው። እና መኪናህ ውኃ ከጠጣች፣ ደርቃለች ብለህ ቤት አጠገብ እንዳታቆማት። ባትሪው ከቀናት በኋላም እሳት ሊያነሳ ይችላል። ገላጣ ቦታ ትቁም፣ ባለሙያ ሳያያትም ቻርጅ አታድርጋት።