ላባ ዝንብ ይዞ ወደ ባሌ

ጥያቄ፦ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ከላባ ተሠርቶ ዝንብ በሚመስል መንጠቆ) ዓሣ ማጥመድ እየተማርኩ ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬን ወደ ባሌ ተራሮች፣ ወደ ወብ ሸለቆ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ምርጫዎ ደስ አሰኝቶኛል! በወብና በዳንካ ወንዞች ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የተባለ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አለ። መጀመሪያ ዲንሾ በሚገኘው የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ መንገድ መሪም ከዚያው ይቅጠሩ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የደረሱበትን ቀን ይረፉ። ክረምቱ ይለፍ፤ በደፈረሰ ውኃ ዓሣው ዝንቧን አያያትም። ከኅዳር እስከ ጥር ወንዙ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነውና ወፍራም ልብስ ይያዙ። ቀላል ዘንግና ጥቃቅን ቡናማ ዝንቦች ይበቃሉ። ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውኃ ስለሚያዞር፣ ከታች ወደ ላይ እየተጓዙ ከኋላው ይወርውሩ። ውሻ ይዘው እንዳይሄዱ ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሸለቆውን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ ፈጅቷል።